ነገርን ከሥሩ፣ ዴዚንም ከሥሩ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። በሦስት ወዳጆች በኩል ነው የመጣው፤ ሦስቱም «አንተ አበባ ስለምትወድ» ብለው ነው የላኩልኝ። ጉዳዩ ከስካንዲኔቪያ ጫፍ እስከ ኖርዌይ የሩቅ ሰሜን ደሴቶች እስከ ስቫልባርድ፣ ከግሪንላንድ እስከ አላስካ ባለው የሩቅ ሰሜን ተራራማ ምድር የሚበቅለውን የዱር ዴዚ እንዴት እንደምንለይ ነው። አጻጻፉ ቀለል ያለ ነው፣ ፎቶዎቹም ያምራሉ። መመሪያውን ተከትሎ ተራራ የወጣ ሰው ግን የተሳሳተ ስም ይዞ ነው የሚወርደው።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ በዚያ ምድር ነጭ ዙሪያና ቢጫ መሃል ያለው ተራራማ ዴዚ በመሠረቱ አንድ ነው ይላሉ፤ እሱም ኤሪጌሮን ዩኒፍሎሩስ የሚባለው ነው። ማረጋገጫው ደግሞ በአንድ ግንድ ላይ አንድ አበባ ብቻ መኖሩ ነው፤ ስሙም «ባለ አንድ አበባ» ማለት ነውና። ኤሪጌሮን ሁሚሊስ የሚባል ዘመድ እንዳለው ያነሡና እሱን በቀለሙ ለዩት ይላሉ፦ ነጭ ከሆነ ዩኒፍሎሩስ፣ ወደ ሐምራዊ ካደላ ሁሚሊስ። ከዚያ ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ በላይ ካገኛችሁት የቆላውን ዴዚዎች ከሐሳባችሁ አውጡ ይላሉ። አንድ ጥርት ያለ ፎቶ ከላይ አንሥቶ ለስልክ መተግበሪያ መስጠት በቂ ነው ሲሉም ይመክራሉ። መጨረሻ ላይ የላቲን ስሞች በየጊዜው ስለሚለዋወጡ ራሳችሁን አታድክሙ፣ «የሰሜን ዴዚ» ብላችሁ ተገላገሉ ይላሉ። አበባውን አትቅጠፉ የሚል ምክርም አለበት፤ በእሱ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ዴዚ የአንድ ዝርያ ስም አይደለም፤ የመልክ ስም ነው ብንል ይቀርባል። የሱፍ አበባ ቤተሰብ የሆኑ ዕፅዋት ሁሉ አንድ ብልሃት አላቸው፦ እኛ አንድ አበባ የምንለው በአንድ መደብ ላይ የተሰበሰቡ የብዙ ትንንሽ አበቦች ማኅበር ነው። ቢጫው መሃል ውስጥ ያለችው እያንዳንዷ ነጥብ አንድ አበባ ናት፤ በዙሪያው እንደ ጨረር የተዘረጋው እያንዳንዱ ነጭ ምላስም እንዲሁ አንድ አበባ ነው። ይህን መልክ የለበሱ ዕፅዋት በሩቅ ሰሜን ብቻ እንኳ ብዙ ናቸው። የኤሪጌሮን ወገን፣ ማለትም በስማቸው መጀመሪያ ኤሪጌሮን የሚባሉት የቅርብ ዘመዳማ ዝርያዎች ስብስብ፣ ብቻውን በርካታ ዝርያ አለው። በባሕሩ ዳርቻ ትሪፕሎሮስፐርሙም አለ። በአላስካና በሰሜናዊ ካናዳ ሁልቴኒየላ የሚባለው ቁመተ አጭር ነጭ ዴዚ ይበቅላል። በኖርዌይ መንገድ ዳር ያለው ትልቁ ሉካንተሙምም እስከ ሰሜኑ ጫፍ ድረስ አለ። ከሁለት ሜትር ርቀት ሁሉም ነጭ ቀለበትና ቢጫ መሃል ናቸው።

እዚህ ላይ የጽሑፉን የፊት ገጽ ፎቶ ላንሣ፤ ባላነሣው ደስ ባለኝ፣ ግን ጉዳዩን በደንብ ያሳያል። ፎቶው ላይ ያለው አበባ ሃያ ገደማ ሰፋ ሰፋ ያሉ ነጭ ጨረሮች አሉት። መሃሉ እንደ ጉልላት ወደ ላይ ተነፍቷል። ከኋላው፣ ትንሽ ደብዘዝ ብሎ፣ እንደ ላባ የተበጣጠሰ ቀጫጭን ቅጠል ይታያል። ኤሪጌሮን ዩኒፍሎሩስ ግን እንዲህ ያለ ቅጠል የለውም፤ ሥሩ አካባቢ ያሉት ቅጠሎቹ ያልተበጣጠሱ፣ ጫፋቸው ዶልዶም ያለ፣ ማንኪያ መሰል ናቸው። ጨረሮቹም ቀጫጭንና እጅግ ብዙ ናቸው፤ ጥቅጥቅ ብለው ሲታዩ ጠርዙ እንደ ዘርፍ ነው። ስለዚህ ፎቶው ላይ ያለው ኤሪጌሮን እንኳ አይደለም፤ መልኩ ሁሉ የትሪፕሎሮስፐርሙም ነው። የአይስላንድ ሰዎች የራሳቸውን ትሪፕሎሮስፐርሙም «ባልዱርስብራው» ይሉታል፤ ባልዱር በተባለው የጥንት አምላካቸው ቅንድብ ሰይመውት ነው፣ ከንጣቱ የተነሣ። ጸሐፊው ያነሡት ፎቶ ግሩም ነው፤ ስሙ ብቻ የሌላ ነው።

ሁለቱን ለመለየት አጉሊ መነጽር እንኳ አያስፈልግም፤ የኤሪጌሮንን ስም ትርጉም ማወቅ ይበቃል። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ቀድሞ የሸበተ ሽማግሌ» እንደማለት ነው። አበባው ሲያረጅ በእያንዳንዱ ዘር አናት ላይ ያለው ፀጉር ይገለጣል፤ ያ ትንሽ ተክል ገና በጋው ሳያልቅ ነጭ ራስ ይዞ ይቆማል። ትሪፕሎሮስፐርሙም፣ ሉካንተሙምና ሁልቴኒየላ ይህ ፀጉር የላቸውም። ስለዚህ ያማረውን አበባ ትታችሁ ጎኑ የቆመውን ያረጀውን ፈልጉ። የሸበተ ካገኛችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። ቆንጆ ቆንጆውን ብቻ ፎቶ ማንሣት ከሚያስቀርብን ነገር አንዱ ይህ ነው።

ወደ «አንድ ግንድ አንድ አበባ» እንሂድ። ጽሑፉ ውስጥ በጣም አሳማኝ የሚመስለው፣ በጣም የሚያሳስተውም ይህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የዚህን አበባ ስም ያወጣው ግን መልአክ ሳይሆን ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኒየስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1753። ሊኒየስ ሰሜኑን በወሬ አልነበረም የሚያውቀው፤ በ1732፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ ላፕላንድን ዞሮ አይቷል። «ባለ አንድ አበባ» ብሎ ሲሰይም ግን ያነጻጸረው ያኔ እጁ ላይ ከነበሩት ኤሪጌሮኖች ጋር ነው፤ በአንድ ግንድ ብዙ ራስ (እኛ አንድ አበባ የምንለውን ማኅበር) ከሚያወጡት አንጻር ይኼኛው አንድ ብቻ ማውጣቱ ጥሩ መለያ ነበር። ኤሪጌሮን ሁሚሊስን የዕፅዋት ሊቁ ሮበርት ግራሃም የገለጸው በ1828 ነው፣ 75 ዓመት ቆይቶ። ሌላውን ዘመድ ኤሪጌሮን ኤሪዮሴፋሉስን ደግሞ የዕፅዋት ሊቁ የንስ ቫል በ1840 ገለጸው። ሁለቱም እንደ ወጉ በአንድ ግንድ አንድ ራስ ነው የሚያወጡት! ሊኒየስ እነሱን ለይቶ ባልገለጸበት ዘመን የወጣን ስም ይዞ «እነሱ አይደሉም» ማለት አይቻልም። ስም መጠሪያ ነው እንጂ የመለያ ሠንጠረዥ አይደለም።

ደግሞ በተቃራኒው ኤሪጌሮን ቦሪያሊስን ውሰዱ። አይስላንድ ውስጥና በስካንዲኔቪያ ተራሮች የሚገኝ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ራስ አለው፣ ጸሐፊውም በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ከቁጥር ያስወጡት። ነገር ግን አፈሩ ስስ፣ በጋው አጭር ሲሆን አንድ ራስ ብቻ ይዞ ይቀራል። ያኔ ራስ ቆጥሮ የሚለይ ሰው ዩኒፍሎሩስ ብሎት ያልፋል። ልዩነቱ ግን እዚያው አበባው ውስጥ ተቀምጧል። ቦሪያሊስ ሦስት ዓይነት ትንንሽ አበቦች አሉት፦ በዙሪያው ባለ ጨረሮቹ፣ በመሃል ቢጫዎቹ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ጨረር የሌላቸው፣ እንደ ክር የቀጠኑ ሴቴ አበቦች። ዩኒፍሎሩስ እነዚህ የክር አበቦች የሉትም። አሥር እጥፍ የምታጎላ ትንሽ መነጽር ይዞ የነጩንና የቢጫውን ድንበር ማየት ነው።

አሁን ቀለም። እዚህ ላይ እኔም ስለተሳሳትኩ ድንጋይ ለመወርወር አልቸኩልም። በሰሜን ስዊድን፣ በአቢስኮ አካባቢ፣ በጁላይ ወር አንድ ቀን ነጫጭ አበቦችን አንሥቼ ሁሉንም ዩኒፍሎሩስ ብዬ መዘገብኳቸው። ሐምራዊ ቀለም አልነበራቸውማ! በማግስቱ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ይዞኝ ወደዚያው ቦታ ወጣን። ቦታው በረዶው ገና ቀልጦ ያላለቀበት ጠርዝ ስለነበረ መሬቱ ውኃ ቋጥሯል። ጎንበስ በል አለኝ፤ ጎንበስ አልኩ። አይበቃም አለኝ። በስተመጨረሻ ጉንጬ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው፣ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ርሷል፣ አበባውንም ከሥሩ ሽቅብ አየሁት።

የአበባውን ራስ ከሥር እንደ ጎድጓዳ ጽዋ የሚያቅፉት ጠባብ ትንንሽ ቅጠሎች አሉ፤ አቃፊ ቅጠሎች እንበላቸው። እነሱ ላይ ፀጉር ነበር፤ በሩቁ ጥላሸት የነካው ይመስላል። በመነጽር ስጠጋ ግን ፀጉሩ ራሱ ጥቁር አልነበረም። እያንዳንዷ ፀጉር ብርሃን የምታሳልፍ ሆና በየመካከሏ ጠቆር ያለ ሐምራዊ ግድግዳ አለባት፤ አንዱ ከአንዱ ተከታትሎ መቁጠሪያ ይመስላል። ኤሪጌሮን ሁሚሊስ ማለት ይህ ነው። ጨረሮቹ ግን ጽድት ያሉ ነጭ ነበሩ።

ስለዚህ ሐምራዊው ቀለም እውነት ነው፣ ጸሐፊው ከየትም አላመጡትም፤ ያለበት ቦታ ግን ጨረሩ ላይ ሳይሆን ፀጉሩ ውስጥ ነው። የጨረሩ ቀለም የዝርያን ያህል ዕድሜንም ይናገራል። ሁለቱም ዝርያዎች ሲፈኩ ነጭ ሊሆኑ፣ ሲያረጁና ሲጠወልጉ ደግሞ ወደ ሮዝና ወደ ሐምራዊ ሊሄዱ ይችላሉ። በአንድ እርምጃ መሬት ላይ ነጩንም ሐምራዊውንም ታገኛላችሁ፤ ምናልባት የአንድ ሳምንት ልዩነት ነው ያላቸው። አንድ ተጨማሪ ወጥመድም አለ፦ የዩኒፍሎሩስ አቃፊ ቅጠሎች ራሳቸው፣ በተለይ ጫፋቸው፣ ሐምራዊ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ግን ፀጉሩ ነጭ ነው። ቅጠሉ ሐምራዊ ሆነ ማለት የፀጉሩ ግድግዳ ሐምራዊ ሆነ ማለት አይደለም። ኤሪዮሴፋሉስ ደግሞ ስሙ በግሪክኛ «ሱፍ ራስ» እንደሚል አቃፊዎቹ በረጅም ሱፍ መሰል ፀጉር የተጠቀለሉ ናቸው፤ አንዳንዶች የዩኒፍሎሩስ ንዑስ ዝርያ ያደርጉታል፣ እኔም በዚህ ከማንም ጋር አልጣላም።

ይህ የፀጉር ጉዳይ ቧልት የሚመስለው ካለ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ ሕዋስ ድረስ ይዘልቃል፦ ዩኒፍሎሩስ 18 ክሮሞሶም አለው፣ ሁሚሊስ 36። ክሮሞሶም ተራራ ላይ ቆመን አንቆጥርም። ፀጉሩን ግን እናያለን።

ስለ ከፍታው ባጭሩ። «ከዛፍ ወሰን በላይ» የሚለው መለኪያ በስካንዲኔቪያ ተራሮች ጥቂት ይረዳል፤ የበርች ጫካው የሚያልቅበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያልና። ወደ ስቫልባርድ ስንሄድ ግን ዛፍ የሚባል ነገር የለም። በ78 ዲግሪ ሰሜን ላይ ያለችው የስቫልባርድ ከተማ ሎንግየርቢየን ባሕር ዳር ናት፤ ተራራ ላይ ብቻ የምናውቃቸው ዕፅዋት ከባሕሩ ጠለል ጥቂት ከፍ ብለው ይበቅላሉ። የተራራውና የዳርቻው ዕፅዋት እዚያ ጎረቤታሞች ናቸው። ስለዚህ ከፍታን አይቶ ዝርያን ከዝርዝር መሰረዝ ብዙ አያስኬድም። ከከፍታው ይልቅ እግራችሁ ሥር ያለውን መሬት እዩ ብል ይሻለኛል፦ ሁሚሊስ በረዶ ዘግይቶ የሚቀልጥበትን እርጥብ ቦታ ይወዳል፣ ዩኒፍሎሩስ ደግሞ ደረቅ ያለ፣ ብዙ ጊዜም ኖራ ያለበት መሬት። ይህም ቢሆን ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

የስልኩ መተግበሪያ ላይ ጸሐፊውን በከፊል እደግፋቸዋለሁ። እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ወገኑን ለመለየት ብዙ ጊዜ ጎበዝ ነው። ከዚያ በታች ግን ያልታየውን ሊያይ አይችልም። ከላይ የተነሣ ፎቶ ላይ የአቃፊዎቹ ፀጉር የለም፤ ማሽኑ የቱንም ያህል ብልህ ይሁን የሌለ ነገር አያነብም። ጸሐፊው በስም የጠቀሱት መተግበሪያ፣ አይናቹራሊስት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ተማሪዎች የጀመሩት ሥራ ነው፤ ለምርምር የሚበቃ ደረጃ የሚሰጠውም ፎቶውን አይተው የዝርያውን ስም ከሚሰጡት ሰዎች ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሲስማሙ ነው። ይህ በጎ ሥርዓት ነው። ይሁንና ሁለት ሰው ብቻ ከሆነ፣ አንደኛው መተግበሪያው ያለውን ተቀብሎ ጽፎ፣ ሁለተኛው ደግሞ አንደኛውን አይቶ «እስማማለሁ» ቢል፣ ሁለት ምስክር ያለ ይመስላል እንጂ ምስክሩ አንድ ማሽን ነው። ያ ፎቶ ተመልሶ ማሽኑን ማስተማሪያ ሲሆን ደግሞ ስህተቱ ወለድ ይወልዳል። የሚገርመው መተግበሪያው ራሱ ከጽሑፉ ይልቅ ትሑት ነው፤ ብዙ ጊዜ «ይህ ወገን መሆኑን እርግጠኛ ነኝ» ብሎ ዝርያውን በግምት ነው የሚደረድረው። ጸሐፊው ከግምቶቹ አንደኛውን እንደ ፍርድ ወሰዱት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

«እሺ፣ ሳልቀጥፍ እንዴት ሥሩን ልይ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በስቫልባርድ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ዕፅዋትን ይጠብቃል፤ ከ1909 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ በሆነው አቢስኮም አበባ ቀጥፎ መሄድ አይፈቀድም። መፍትሔው ግን ኪሳችን ውስጥ ነው። የራስን ፎቶ ማንሻ የፊት ካሜራውን ክፈቱ፣ ስልኩን ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጋችሁ ከአበባው ጎን መሬት ላይ አስተኙት፣ ግንዱን በጣት ጫፍ ቀስ ብላችሁ ወደ ስልኩ አዘንብሉትና አንሡ፤ ስትለቁት ይመለሳል። አንድ ከጎን፣ አንድ ከሥር፣ አንድ የታችኞቹ ቅጠሎች። የላዩን የምትወዱ ከሆነ አራተኛ አድርጉት። ሱሪያችሁም ይተርፋል።

የላቲን ስሙ ነገር ቀረ። ስሞች ይለወጣሉ፣ እውነት ነው፤ አሰልቺም ነው። የአላስካው ሁልቴኒየላ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የተፈጥሮ አጥኚው ጆን ሪቻርድሰን በ1823 ሲገልጸው ክሪሳንተሙም ብሎት ነበር። ከዚያ ሉካንተሙም ሆነ፣ አርክታንተሙምም ተባለ፤ አሁን ያለው ስሙ ስዊድናዊውን የአላስካ ዕፅዋት ሊቅ ኤሪክ ሁልቴንን ያከብራል። ነገር ግን በዚህ ሁሉ መዘዋወር የተለወጠው የወገን ስሙ ነው። የራሱ ስም፣ «ሙሉ ቅጠል» የሚለው ኢንተግሪፎሊያ፣ ከ1823 ጀምሮ ከመድረሻ ፊደሉ በቀር አብሮት አለ። የጠፋውን ሰው በየሰፈሩ ብንፈልገው እናገኘዋለን ማለት ነው። «የሰሜን ዴዚ» ያልነውን ግን ማን ያገኘዋል?

የሀገሬውን ስም መጠቀም ካስፈለገ ከልብ እስማማለሁ፤ እንግዲያው የሀገሬውን ሰዎች እንጠይቅ። ኖርዌጂያኖች ኤሪጌሮንን «ባኬስቲየርነ» ይሉታል፣ የተዳፋት ኮከብ። ዩኒፍሎሩስ የበረዶ ተዳፋት ኮከብ ነው፣ ሁሚሊስ ጥቁሩ፣ ኤሪዮሴፋሉስ ባለ ሱፉ። ስዊድኖችም ሁሚሊስን «ስቫርትቢንካ» ሲሉ «ስቫርት» ማለታቸው ጥቁር ነው። ነጭ ጨረር ያለውን አበባ ጥቁር ያሉት እነማን ናቸው? ጎንበስ ብለው ያዩት ናቸው።

ጽሑፉ ውስጥ ሦስተኛው ፎቶ ላይ ግን እስካሁን አልወሰንኩም። ቅጠሉ የኤሪጌሮን ነው፣ ጨረሮቹም ብዙና ቀጫጭን ናቸው፤ ጸሐፊው ዩኒፍሎሩስ ብለውታል፣ ሊሆንም ይችላል። ከግራ በኩል፣ ከጨረሮቹ በታች፣ ጠቆር ያለ ነገር ብልጭ ይላል፤ ጥላ ይሁን ፀጉር አልለየሁትም። ያን ዕለት ከጎን ያነሡት ሌላ ፎቶ ካላቸው ቢያወጡት ደስ ይለኛል። ፀጉሩ ነጭ ከሆነ እሳቸው ልክ ናቸው፣ እዚሁ እጽፈዋለሁ።